ከቁራጭ የሚባዙ የደን ዛፎች ምርታማነት እንዴት ይለካል?

ለልማት ሠራተኞችና ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ

አንድ ችግኝ ጣቢያ በዓመቱ መጨረሻ «ይህን ያህል ሺህ ቁራጭ ተክለናል» ብሎ ሪፖርት ሲያቀርብ የነገረን የድካሙን መጠን እንጂ የምርቱን መጠን አይደለም። ቁራጭ ማለት ከእናት ዛፍ ተቆርጦ የተወሰደ፣ ሥር የሌለው የግንድ ወይም የቅርንጫፍ ክፍል ነው። አፈር ውስጥ ስለገባ ብቻ ችግኝ አይባልም። ሥር አውጥቶ፣ ከመደብ ተነሥቶ፣ በአህያ ወይም በሰው ሸክም ተጓጉዞ፣ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያውን በጋ ካለፈ በኋላ ነው ጸደቀ የሚባለው። ስለሆነም ምርታማነትን እንለካለን ስንል የምንለካው ከዚህ ከመጨረሻው ተነሥተን ወደ ኋላ እየቆጠርን መሆን አለበት።

ይህ ጉዳይ በብቸናና በሞጣ ዙሪያ ላሉ ማኅበራት ቀላል አይደለም። ሁለቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ከደጋው ሜዳ ተነሥቶ በሞጣ በኩል ወደ ጥንታዊው ሰባራ ድልድይ የሚወርድ ሰው ደጋን፣ ወይና ደጋንና ቆላን እየረገጠ ዓባይን ያገኛል። በዚህ ሁሉ ቁልቁለት ላይ ውኃ አፈሩን ያጥባል፣ ቦረቦሩ በየክረምቱ ወደ እርሻው ይጠጋል። ቦረቦርን ለመግታት ደግሞ ፈጥኖ ሥር የሚሰድና በብዛት የሚገኝ ተክል ያስፈልጋል። በክረምት ለአንድ ቦረቦር ተብሎ የተቆጠረ ችግኝ በቦታው ካልተገኘ የጠፋው ችግኙ ብቻ አይደለም፤ የዓመቱ ዝናብም አብሮ ያልፋል፣ በተከታዩ ክረምት ያው ቦረቦር ሰፍቶ ይጠብቃል።

ስሕተቱ የሌሎች ብቻ ነው እንዳይባል የራሳችንን እናስቀድም። በአንድ የደጋ ችግኝ ጣቢያ የቆርችና የጭብሃ ቁራጮችን በመደብ ላይ ተክለን ነበር። ግንቦት ላይ ስንቆጥር መደቡ አረንጓዴ ለብሶ ስላገኘነው ያቆጠቆጠውን ሁሉ ችግኝ ብለን መዘገብን፤ ቁጥሩንም ለማኅበሩ ሰጠን። ማኅበሩም በሰጠነው ቁጥር ልክ ጉድጓድ አስቆፈረ። ሐምሌ ላይ መደቡ ሲነሣ ከቅጠሉ ሥር ያገኘነው በብዙዎቹ ላይ ባዶ እንጨት ነበር። ጉድጓዶቹን የክረምቱ ደለል ሞላቸው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር የጠየቁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «ሥሩን ሳታዩ ነው እንዴ የቆጠራችሁልን?» አዎ፣ ሥሩን ሳናይ ነበር።

የሆነው ምን እንደሆነ በኋላ ለማወቅ አዲስ ምርምር አላስፈለገም። ወፍራም ቁራጭ በእንጨቱ ውስጥ ያጠራቀመው ምግብና ውኃ አለው። ሙቀትና እርጥበት ሲያገኝ በዚያ ስንቅ ዐይኑን ከፍቶ ቅጠል ያወጣል። ሥር ሳይኖረው ቅጠል ያወጣ ቁራጭ ግን ከስንቁ እየበላ የሚኖር ነው፤ ስንቁ ሲያልቅ ጸሐይ በጠናችበት ቀን ይጠወልጋል። በተቆረጠው ጫፍ ላይ የሚታየው ነጭ እብጠትም ቁስሉ የተሸፈነበት ምልክት ነው እንጂ ሥር አይደለም። አንዳንድ ቁራጭ ይህን እብጠት ይዞ ወራት ይቆይና ሥር ሳያወጣ ይሞታል። በዚህ ምክንያት ያቆጠቆጠ ቁራጭ ቁጥር ለሪፖርት የማይገባ፣ ለጣቢያው ሠራተኛ የውስጥ መከታተያ ብቻ የሚሆን ቁጥር ነው።

መቆጠር ያለባቸው አራት ናቸው፤ በመደብ የተተከለው፣ ሥር ያወጣው፣ ወደ ፕላስቲክ ከረጢት ተዛውሮና ጸሐይ ተለማምዶ ለተከላ የወጣው፣ በመስክ በጋውን አልፎ በሕይወት የተገኘው። በእያንዳንዱ መካከል የሚጠፋው የት ላይ እንደሆነ ካልታወቀ ጥፋቱን ማረም አይቻልም። ከመደብ ላይ ከጠፋ ችግሩ በቁራጩ ምርጫ፣ በአሸዋው ወይም በእርጥበቱ ነው። ከተዛወረ በኋላ ከጠፋ ጥላው ቶሎ ተነሥቷል ወይም ሥሩ ሲነቀል ተበጥሷል ማለት ነው። በመስክ ከጠፋ ደግሞ የተከላ ቀኑ ዘግይቷል፣ ከብት ገብቷል ወይም ዛፉ ለቦታው አይስማማም።

ነገሩን በስሌት እናሳይ። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ለማስረጃ ያህል የተወሰደ እንጂ በአንድ ጣቢያ የተገኘ ውጤት አይደለም። አንደኛው ቡድን 1,000 ቁራጭ ተከለ እንበል። ለመሰብሰብ፣ ለመቁረጥና ለመትከል 10 የሰው ቀን ፈጀበት፤ ለማጠጣትና ለማረም 30፣ ለማዛወርና ለማለማመድ 14፤ በድምሩ 54 የሰው ቀን። ሥር ያወጣው 450፣ ለተከላ የወጣው 360 ሆነ። ሁለተኛው ቡድን ግን የተከለው 600 ብቻ ነው። ከለጋ ቀንበጥ እየመረጠ ስለቆረጠ ለመትከል 16 የሰው ቀን ፈጀበት፤ ለማጠጣት 22፣ ለማዛወር 16፤ ድምሩ ይኸው 54 ነው። ከ600ው 480 ሥር አወጣ፣ 420 ለተከላ ወጣ።

በቀን ስንት ተተከለ ብለን ከለካን የመጀመሪያው ቡድን 100፣ ሁለተኛው 37 ወይም 38 ነው፤ የሚመሰገነውም የመጀመሪያው ይሆናል። ለተከላ ከወጣው አንጻር ስንለካ ግን የመጀመሪያው በአንድ የሰው ቀን ከ7 ያነሰ ችግኝ ሲያወጣ ሁለተኛው ወደ 8 የሚጠጋ አውጥቷል። በመደብ ስፋትም ልዩነቱ ይሰፋል። ቁራጭ በ10 ሳንቲ ሜትርና በ5 ሳንቲ ሜትር ርቀት ሲተከል አንድ ካሬ ሜትር 200 ይይዛል። የመጀመሪያው 5 ካሬ ሜትር፣ ሁለተኛው 3 ካሬ ሜትር ያዙ ማለት ነው። ከአንድ ካሬ ሜትር የመጀመሪያው 72፣ ሁለተኛው 140 ችግኝ አገኘ። አሸዋ በአህያ ለሚያስመጣና ውኃ ከምንጭ ለሚያስቀዳ ማኅበር ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ብዙ የተከለው ቡድን ብዙ ውኃ ያጠጣው ለሞተ እንጨት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስለ ክፍያ ነው። ማኅበሩ ለሠራተኞች በተተከለ ቁራጭ ቁጥር የሚከፍል ከሆነ ሠራተኛው ያገኘውን እንጨት ሁሉ ቢቆርጥ አይፈረድበትም፤ የተባለውን ነው ያደረገው። ክፍያው በሙሉ በጸደቀው ላይ ብቻ ይሁን ማለትም ትክክል አይደለም፤ ሠራተኛው ባልመጣ ዝናብና ባልታጠረ መስክ ሊቀጣ አይገባምና። እኛ የምንመክረው የቀን ሥራው እንደ ልማዱ በቀን ተከፍሎ፣ ሥር አውጥቶ ለተከላ በወጣው ቁጥር ላይ ተጨማሪ እንዲታሰብ ነው። እስከዚያ ድረስ ያለው በሠራተኛው እጅ ነው።

ሥር ማውጣቱን ለማወቅ ሁሉንም መንቀል አያስፈልግም፤ መንቀልም ይጎዳል። በመደቡ ላይ ናሙና መውሰድ ይበቃል። ናሙናው ግን ከመደቡ ዳር ብቻ ወይም ከመካከል ብቻ መወሰድ የለበትም። ዳሩ ቶሎ ይደርቃል፣ መካከሉ ይረጥባል፤ በጥላው ሥር ያለውና ጸሐይ የሚያገኘውም አንድ አይደሉም። በመስመር እየሄዱ በየተወሰነ ርቀት አንድ አንድ ማንሣት ይሻላል። የናሙናው ብዛትም ይታሰብበት። ሥር ያወጣው ከግማሽ ትንሽ በሚያንስበት መደብ ላይ 30 ቁራጭ ብቻ ቢታይ የተገኘው መቶኛ ከእውነተኛው ወደ 18 ከመቶ ያህል ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። 100 ቢታይ ስሕተቱ ወደ 10 ይወርዳል። ስለዚህ በ30 ናሙና 45 ከመቶ አገኘሁ ብሎ ከጎረቤት ጣቢያ 55 ከመቶ ጋር የሚከራከር ሰው በከንቱ ይከራከራል። በሁለት ዘዴዎች መካከል ለማወዳደር ሲፈለግም አንዱን ዘዴ በአንድ መደብ፣ ሌላውን በሌላ መደብ መትከል አይበጅም፤ እያንዳንዱን መደብ ከፋፍሎ ሁለቱንም በየመደቡ ጎን ለጎን መትከል ነው። አለበለዚያ የተለካው ዘዴው ሳይሆን የመደቡ ጥላ ይሆናል።

የዛፉ ዓይነት መለኪያውን ይለውጠዋል። አኻያ በወንዝ ዳር የሚበቅል ስለሆነ እርጥበት ካገኘ ያለ ብዙ ድካም ሥር ያወጣል፤ ከችግኝ ጣቢያ ሳይገባ በቀጥታ በቦረቦሩ ግርጌ ሊተከል ይችላል። ለእርሱ የመደብ ቆጠራ የለም፤ የሚቆጠረው በመስክ የጸደቀው ብቻ ነው። ቆርች በወፍራም እንጨት ለአጥር ይተከላል፤ አየር ውስጥ ያለውን ናይትሮጅን ለአፈር ስለሚያስገኝ ለእርሻ ዳር ይመረጣል። ቅንጭብም ለአጥር የታወቀ ነው፤ ወተቱ ዐይን ስለሚጎዳ ቆራጩ ይጠንቀቅ፣ ቁራጩም የተቆረጠበት እስኪደርቅ በጥላ ይቆይ። ጭብሃ ለመኖ የሚሆን ቅጠል በበጋም ስለሚሰጥ በሰሜን ኢትዮጵያ ገበሬዎች ከቁራጭ ያባዙታል። ወደ ዓባይ ቆላ ሲወረድ ደግሞ እንደ አንቋ ያሉት ዛፎች ቅጠል ከማውጣታቸው በፊት፣ በበጋው ማብቂያ ላይ ይቆረጣሉ። የደጋ ዛፍ ቁራጭ ለቆላ፣ የቆላውም ለደጋ አይሁን። በብቸና በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያጋጥመው ቦታ ከዓባይ ሸለቆ የመጣን ቀንበጥ አይምርም።

ጽድ፣ ወይራና ዝግባ የተለዩ ናቸው። እነዚህ ቅጠል ባለው ለጋ ቀንበጥ የሚባዙ ሲሆኑ ሥር ለማውጣት ወራት ይፈጅባቸዋል። ቅጠሉ ለሥሩ ምግብ ያበጃል፤ በዚያው መጠን ግን ውኃ ያስወጣል። ቅጠሉ ሁሉ ቢነቀል ይራባል፣ ሁሉ ቢተው ይደርቃል። ስለዚህ ከፊሉን ቆርጦ አየሩን ማርጠብ ያስፈልጋል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ለገሠ ነጋሽ በጽድ፣ በወይራና በሌሎችም አገር በቀል ዛፎች ላይ ባደረጓቸው ምርምሮች እነዚህ ዛፎች በቁራጭ ሊባዙ እንደሚችሉ አሳይተዋል። ይህም ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ የጽድ ፍሬ ብዙ ጊዜ ባዶ ሆኖ ይገኛል፣ የዝግባና የወይራ ፍሬም ቅርፊቱ ጠንካራ በመሆኑ ብቅ ለማለት ይዘገያልና።

ለዚህ ሥራ መብራት ወይም ውኃ የሚረጭ መሣሪያ የግድ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ ሮጀር ሊኪና ባልደረቦቻቸው ለሐሩር አገሮች እንዲሆን ያሻሻሉት ሳጥን በእጅ የሚሠራ ነው። የእንጨት ክፈፍ በፕላስቲክ ይለበጣል፤ ከታች ድንጋይ፣ በላዩ ጠጠር፣ ከዚያ የታጠበ የወንዝ አሸዋ ይደረጋል። ውኃው እስከ ጠጠሩ ድረስ ብቻ ይሞላል፤ አሸዋው ከታች እየሳበ ይረጥባል። ከላይ በፕላስቲክ ይከደናል፣ ሳጥኑም በጥላ ሥር ይቀመጣል። የብቸናን ዋልካ አፈር በአሸዋ ምትክ ማድረግ አይቻልም፤ ውኃ ይዞ ቁራጩን ያበሰብሳል። ሥር አስወጪው ኢንዶል ቡታይሪክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.8 ከመቶ ባለው መጠን ይሠራበታል። ሆርሞኑ ከሌለ ሥራው አይቁም፤ ለጋ ቀንበጥ መምረጥ ከሆርሞን የሚበልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የቀንበጡ ዕድሜ የምርታማነት ዋና ምክንያት በመሆኑ ቆም ብለን እንየው። ከሽማግሌ ዛፍ አናት የተቆረጠ ቀንበጥ ሥር ለማውጣት ይቸገራል። ያው ዛፍ ቢቆረጥና ከጉቶው ቢያቆጠቁጥ ከጉቶው የወጣው ቀንበጥ የተሻለ ሥር ያወጣል። የዝግባ ቁራጭ ከጎን ቅርንጫፍ ከተወሰደ ደግሞ ሥር ቢያወጣም ወደ ጎን መጋደሙን ላይተው ይችላል፤ በሪፖርት ላይ አንድ ችግኝ ነው፣ በመስክ ግን ግንድ የለውም። ቀጥ ብሎ ከወጣ ቀንበጥ መውሰድ ይገባል። ስለዚህ ማኅበሩ ለቁራጭ የሚሆኑ እናት ዛፎችን በአንድ ቦታ ተክሎ፣ በጉልበት ከፍታ እየገረዘ በአጥር መልክ ቢይዛቸው መልካም ነው። ያን ጊዜ ሌላም መለኪያ ይገኛል፤ አንድ እናት ዛፍ በዓመት ስንት ችግኝ ሰጠ የሚለው። 20 እናት ዛፎች እያንዳንዳቸው በአንድ ግርዛት 15 ቀንበጥ፣ ከየቀንበጡ 2 ቁራጭ፣ በዓመት ሁለት ግርዛት ቢሰጡ 1,200 ቁራጭ ይሆናል። ከ100ው 70 ለተከላ ከበቃ 840 ችግኝ፣ ማለትም ከአንድ እናት 42 ነው። በዓመቱ የሚፈለገው ችግኝ 2,000 ከሆነ ስንት እናት ዛፍ ማዘጋጀት እንደሚገባ ማኅበሩ ራሱ ያሰላል።

እዚህ ላይ መለኪያው ራሱ የሚያመጣው ጉዳት አለ። በየእናቱ ሲመዘገብ ከሁሉ ቀድሞ ሥር የሚያወጣ አንድ ወይም ሁለት እናት ይታያል። ቁጥር የሚፈልግ ጣቢያ ከእነርሱ ብቻ መቁረጥ ይጀምራል፤ መቶኛውም በየዓመቱ ያድጋል። ነገር ግን ከአንድ እናት የተቆረጡ ሁሉ በባሕርይ አንድ ናቸው፤ አንዱን ያጠቃ በሽታ ወይም ነፍሳት ሁሉንም ያጠቃል። ጽድና ዝግባ ደግሞ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ የሆኑ ዛፎች ስለሆኑ ከወንድ ብቻ የተባዛ ደን ፍሬ አይሰጥም። ስለዚህ ሥር የማውጣት መቶኛ ዝቅ ቢልም ቁራጭ ተራርቀው ከቆሙ ቢያንስ ከ30 እናት ዛፎች ቢሰበሰብ ይመረጣል። በዚህ ጉዳይ ዝቅተኛው ቁጥር የተሻለ ሥራ ሊሆን እንደሚችል ሪፖርት ተቀባዩም መረዳት ይኖርበታል።

በዘር በርካሽ የሚገኘውን በቁራጭ ማባዛትም ምርታማነት አይደለም። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባው ነጭ ባሕር ዛፍ በቁራጭ ሥር ለማውጣት አስቸጋሪ ነው፤ በዘር ግን ማንም ያፈላዋል። በብራዚልና በኮንጎ ሰፊ የባሕር ዛፍ ደን በቁራጭ መተከሉ እውነት ነው፤ እነርሱ ግን ለፋብሪካ የሚሆን የተመረጠ ዝርያ ይዘው፣ ሌሎች የባሕር ዛፍ ዓይነቶችን ነው ያባዙት። በአዊ በኩል ለከሰል የተስፋፋው ዴከረንስም የሚባዛው በዘር ነው። የቁራጭን ሥራ ዘሩ ለማይገኝ፣ ለማይበቅል ወይም በወፍራም እንጨት ቶሎ መቆም ላለበት ዛፍ እናድርገው።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተገልጿል። እንዲህ ያለ ዘመቻ ሲታወጅ ከየቀበሌው በመጀመሪያ የሚጠየቀው የተተከለው ቁጥር ነው፤ የልማት ሠራተኛውም ያንን ይሰጣል። ከዚያው ቅጽ ጎን ግን የራሱን መዝገብ ይያዝ። መዝገቡ ሰፊ መሆን የለበትም፤ የዛፉ ስም፣ የእናቱ ቁጥርና ቦታ፣ የተቆረጠበትና የተተከለበት ቀን፣ የቁራጩ ርዝመትና ውፍረት፣ አራቱ ቆጠራዎች፣ የፈጀው የሰው ቀን። ቁራጩ ጠዋት ተቆርጦ ከሰዓት በኋላ ተተክሎ እንደሆነ ወይም አድሮ እንደሆነም ይጻፍ፤ እርጥብ ጆንያ ውስጥ ሳይጠቀለል በጸሐይ የተጓዘ ለጋ ቀንበጥ መደብ ሳይደርስ ሞቷልና።

የመስክ ቆጠራው ሁለት ጊዜ ይደረግ። የመጀመሪያው በጥቅምት፣ ዝናቡ እንዳቆመ፤ በዚህ ጊዜ የሚገኘው ጉድለት የተከላውና የችግኙ ነው። ሁለተኛው በሚያዝያ፣ በጋው ሊያልቅ ሲል፤ በሁለቱ መካከል የጠፋው የድርቁ፣ የውርጩና የከብቱ ነው። በሚያዝያ ሲቆጠር ግንዱ ደርቆ የሚታይ ሁሉ እንደ ሞተ አይመዝገብ። ቅርፊቱን በጥፍር ፋቅ አድርጎ አረንጓዴ መሆኑን ማየት፣ አረንጓዴ ከሆነም «ያጠራጥራል» በሚል በተለየ ዓምድ አስፍሮ ዝናቡ ከገባ በኋላ በሰኔ ተመልሶ ማየት ነው።